ወፍጮው የሚዘጋበት ሰዓት

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 4 ቀን 1958 ዓ.ም.

ይድረስ እንደ እናት ላሳደጉኝ ለእትዬ ወርቅአየሁ፤ ዳንግላ።

ክረምቱ እንዴት አለፈልዎ? ቁርጥማቱስ ትንሽ ለቀቅ አደረገዎት? እኔ አምላክ ይመስገን ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ የሚያነብልዎ የወፍጮ ሠራተኛዎ ቢሻው፣ ባለቤቱ አምሳለ፣ ልጃቸውም እንደምን ከርመዋል? ደብዳቤዬን በሱቁ ተቀብሎ የሚያደርስልኝን ሐሰንን እጅ ነሥቶሃል ይበሉልኝ።

ከሰኔ ወዲህ ሳልጽፍ የቀረሁት ረስቼዎ አይደለም። ክረምቱን በሙሉ ከፋብሪካው የምንወጣው ዓይን ለዓይን በማይተያይበት ሰዓት ነበር። ቤት ስደርስ ጣቶቼ እርሳስ አይጨብጡም። አሁን ግን ነገሩ መለወጥ ጀምሯል፤ እሱን ላጫውትዎ ብዬ ነው የተቀመጥሁት።

እኛ የክር መፍተያው ሠራተኞች ማኅበር ማቋቋማችንን ባለፈው ጽፌልዎ ነበር። የማኅበሩ ጸሐፊ አቶ ገበየሁ ይባላል፤ ረጋ ያለ፣ ሲናገር ሰው የማያቋርጠው ሰው ነው። በመስከረም አንድ እሑድ ሰበሰበንና መንግሥት ስለ ሥራ ሰዓት ያወጣውን ደንብ አነበበልን። የቀን ሥራ ስምንት ሰዓት ነው፤ የሳምንት አርባ ስምንት። ከዚያ አሳልፎ የሚያሠራ አሠሪ ለትርፉ ሰዓት ከወትሮው አብልጦ ይከፍላል፤ በበዓል ቀን ከሆነ ደግሞ ከዚያም ያበልጣል። በሳምንት አንድ ቀን ማረፍ የሠራተኛው ነው እንጂ የአለቃው የካቦው ስጦታ አይደለም አለን። እኛ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ካቦው «ነገ እረፉ» ሲለን እጅ እየነሣን ስንወጣ ኖረናል።

ከመካከላችን ከእንጅባራና ከጥሊሊ የመጡ፣ አማርኛው እምብዛም የማይገባቸው ሰዎች አሉ። አቶ ገበየሁ አንተ በአገውኛ አስረዳልኝ አለኝ። ተነሥቼ ቆምሁ። ስምንት ሰዓቱን ተናገርሁ። «ትርፍ ሰዓት» ላይ ስደርስ ግን ቃል አጣሁ። በአገራችን ሥራ ሲያልቅ ያልቃል እንጂ ትርፍ የሚባል ሰዓት ማን ያውቃል? ቆይቼ እንዲህ አልኋቸው፦ ቀናችሁን ለፋብሪካው ሸጣችኋል፤ ማታችሁ ግን የራሳችሁ ነው። ማታችሁንም ከፈለገ ጠይቆ፣ ከቀኑ አስበልጦ ይግዛችሁ። ውዱ የሚባል አንድ ሽማግሌ የጥሊሊ ሰው ሲያዳምጥ ቆየና «እስከ ዛሬ ታዲያ ማታዬን ማን ወሰደብኝ?» አለ። የሳቀ የለም።

የወፍጮውን ሞተር ቺንጋ ገዝቼ ለጭነት መኪና ነጂው ለኢስሃቅ ሰጥቻለሁ፤ ወደ ባሕር ዳር ሲያልፍ ሐሰን ሱቅ ያወርደዋል። ሌላ የሚያስፈልግ ካለ ይላኩብኝ።

ብርዱን እንዳይደፍሩት፤ ጤና ሆነው ያቆዩልኝ።

ልጅዎ አስማረ


ዳንግላ፣ ኅዳር 12 ቀን 1958 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለአስማረ።

የሟች እናትህ አምላክ ከክፉ ይሰውርህ። ጉልበቴ እንደምታውቀው ነው፤ ሌላው አካሌ ደኅና ነው። እንደ ወትሮው እኔ እናገራለሁ፣ ቢሻው ይጽፋል።

ቺንጋው ደርሶናል። ቢሻው በደረሰበት ቀን ገጠመው። የቀድሞው እየተንሸራተተ ሞተሩን ሲያስለቅሰው ነበር፤ አሁን ድምፁ ቀና ብሏል። ባለቤቴ ነጋ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ይህን ቢሰማ ደስ ይለው ነበር። እሱ የተከለው ወፍጮ እኔንም አኑሮ አንተንም ያስተማረ ነው።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አስነበብሁ። የሰዓቱ ወሬ ጋ ሲደርስ ቢሻው ቆም አለና ጉሮሮውን ጠርጎ ቀጠለ። ይህንንም ጻፍ ብዬዋለሁ፤ ይኸው እየጻፈው ነው።

ልጄ፣ ማኅበሩን ክፉ ነው አልልም። ሰው መክሮ ሲያድር ደግ ነው። ነገር ግን አንተ እናትም አባትም የሌለህ፣ በሰው አገር ያለህ ልጅ ነህ። ለሌላው አስረዳልኝ ሲሉህ እየተነሣህ አትቁም፤ ከኋላ ሆነህም መስማት ይቻላል። ካቦው የሚያስታውሰው የቆመውን ነው።

ደግሞ ሰዓት የምትሉት ነገር ለፋብሪካ ይሆን ይሆናል። ለእኛ እንዴት ይሆናል? በገበያ ቀን ሴቶቹ ዳጉሳቸውንና በቆሏቸውን ተሸክመው፣ ልጅ አዝለው፣ ከወንዝ ማዶ ድረስ ይመጣሉ። ሸጠው ገዝተው ወደ ወፍጮ የሚዞሩት ፀሐይዋ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። «ሰዓት አልቋል» ብዬ እህላቸውን ሳልፈጭ ልመልሳቸው? ሌላ ቀን ያንኑ መንገድ እንደገና ይሂዱት? ቤታቸው የሚጠብቃቸው ልጅ ምን ይበላል? እኔ ይህን ማድረግ አልችልም። ቢሻውም አያደርገውም። ዘጠኝ ዓመት አብረን ስንሠራ አንድ ቀን ደከመኝ ሲል ሰምቼው አላውቅም።

የወፍጮ ድንጋይ መውቀሪያ መሮ፣ ጥሩ ብረት የሆነ፣ ካገኘህ ላክልኝ። የእኛው አንጥረኛ የሠራው ቶሎ ይታጠፋል።

አምላክ መንገድህን ያቅናልህ።

ወርቅአየሁ

ይህን ከታች የጻፍሁት እኔ ቢሻው ነኝ፤ እትዬ አላዘዙኝም። ወንድሜ አስማረ፣ ሰላም ላንተ ይሁን። ያ ደንብ የወፍጮ ሠራተኛንም ይጨምር እንደሆነ አውቀህ ብትጽፍልኝ። ሌላ ነገር አስቤ አይደለም። ማወቅ ፈልጌ ነው።


አዲስ አበባ፣ ጥር 18 ቀን 1958 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ወርቅአየሁ።

ገናና ጥምቀት እንዴት ዋሉ? ለመመለስ ዘገየሁ። አንዳንድ ጉዳይ ነበረብኝ፤ ደኅና ነኝ።

መሮውን ለጊዜው መግዛት አልተመቸኝም፤ ይታገሡኝ።

እትዬ፣ በዚህ ደብዳቤ የምለውን ቢሻው ሳይዘል ያንብብልዎ። ባለፈው ደብዳቤ ግርጌ ቢሻው አንድ ጥያቄ ጠይቆኛል። መልሱን ለእሱ ብቻ በሌላ ወረቀት መጻፍ እችል ነበር። ብዙ ካሰብሁበት በኋላ ግን እርስዎ በሌሉበት ስለ ቤትዎ መነጋገር አስጠላኝ። እሱንም ተደብቆ እንደጠየቀ ሰው ማድረግ አልፈለግሁም፤ የጠየቀው የሚያሳፍር ነገር አይደለም። የሥራ ሰዓት ደንቡ የወፍጮ ሠራተኛን ይጨምር እንደሆነ ነው የጠየቀኝ።

አቶ ገበየሁ ዘንድ ሄጄ ጠየቅሁት። እኔ ያደግሁትም የተማርሁትም በዚያ ወፍጮ ነውና ስጠይቅ አፌ ከበደኝ። አቶ ገበየሁ ስንት ሰው ያሠራሉ ቢለኝ አንድ አልሁት። ወረቀቱን አገላብጦ አይቶ፣ አንድና ሁለት ሰው ብቻ የሚያሠራ ቤት በዚህ ደንብ ውስጥ አይገባም አለኝ። ደንቡ ብዙ ሰው ለሚያሠራ ድርጅት ነው። ስለዚህ ቢሻው፣ መልሱ አይጨምርም ነው። እርስዎንም እትዬ፣ የሚያስገድድዎ ሕግ የለም።

ከዚህ ሌላ የምጨምረው አሳብ ነበረኝ፤ ግን እርስዎን ለመምከር ዕድሜዬ አይፈቅድልኝም።

ሰው ካገኙ ጥቂት በሶ ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል። የቤት በሶ አማረኝ።

አስማረ


ዳንግላ፣ የካቲት 22 ቀን 1958 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለአስማረ።

ጤና ላንተ ይሁን። ጽሕፈቱ ቢለይብህ አትደንግጥ፤ የሚጽፍልኝ ሐሰን ነው። ሱቁን ለባለቤቱ ለዘይነባ ትቶ እኔ ዘንድ ተቀምጧል። ቢሻው ደኅና ነው። የምነግርህ ስለ እሱ ስለ ሆነ እሱን ማስጻፍ አልቻልሁም።

ደብዳቤህን ያነበበልኝ ቢሻው ነው። እንዳልኸው አንዲት ቃል አልዘለለም። የገዛ ስሙ ጋ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አደረገ እንጂ ዝቅ አላደረገም። «አይጨምርም» የሚለውንም እንደ ሌላው ቃል አነበበው። ጨርሶ አጠፈና ጉልበቴ ላይ አኖረልኝ። ከዚያ ቆሞ ጠበቀ።

እኔ ተቆጥቼ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ከቤቴ ሲወጣ ሲገባ የኖረ ሰው፣ ለዓመት በዓል ልብስ የማለብሰው፣ አምሳለ ስትወልድ ገንፎ አስገንፍቼ የሄድሁላት፣ እኔ በተናገርሁት ደብዳቤ ግርጌ የራሱን ጉዳይ ይጽፋል? ከመጠየቁ ይልቅ ከእኔ መሸሸጉ ቆረቆረኝ።

«ለምን እኔን አልጠየቅኸኝም?» አልሁት።

እሱም እንዲህ አለኝ። «እትዬ፣ እርስዎን ብጠይቅ ወይ እሺ ይሉኛል፣ ወይ እምቢ ይሉኛል። እሺ ቢሉኝም ደግነትዎ ነው። እኔ ማወቅ የፈለግሁት ይገባኛል ወይስ አይገባኝም የሚለውን ነው። እሱን እርስዎ ሊነግሩኝ አይችሉም ብዬ ነው።»

«አሁን አወቅህ። አይገባህም ብሏል» አልሁት።

«አዎ። ደንቡ አይገባህም ብሏል» አለና ወደ ሥራው ሄደ።

ሳምንት ያህል ከሥራ ነገር በቀር አልተነጋገርንም። እሱ እንደ ወትሮው ማለዳ ይመጣል፣ ሞተሩን ያስነሣል። እኔ ከደጅ፣ ከጣራው ሥር፣ ሚዛኔ ዘንድ እቀመጣለሁ። አሸንፌያለሁ አይደል? ሕጉ ከእኔ ጋር ነው። ግን ደስ አላለኝም። የተናገረው ነገር እንደ እሾህ ሆኖ አላስቀምጥ አለኝ።

ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ነጋ ከሞተ ወዲህ ወፍጮ ቤቱን የማውቀው ከደጁ ነው። እህሉ ሲገባ አያለሁ፣ ዱቄቱ ሲወጣ አያለሁ፤ መካከሉን አላይም። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሚዛኑን ለሐሰን ልጅ ለዋሲላ ሰጠሁና ውስጥ ገብቼ ጆንያ ላይ ተቀመጥሁ። ቢሻው ምን ፈለጉ አለኝ። ምንም፣ ሥራህን ሥራ አልሁት።

ውስጡ የዱቄት ጉም ነው። ትንሽ እንደቆየሁ ዓይኔ አለቀሰ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ። ቢሻውን ስጠራው አይሰማኝም። ከሞተሩ ጩኸት ነው ብዬ ነበር፤ ኋላ ሞተሩ ሲጠፋም ብጠራው አልሰማኝም። ዞሮ ካላየኝ በቀር የምለውን አያውቅም። እኔ ከደጅ እየጮህሁ ሳዘው፣ እሱ አፌን እያየ ሲታዘዝ ኖሯል።

ምሳውን አምሳለ አመጣች። በአንድ እጁ እህሉን እያወረደ በሌላው ጎረሰ። የሚጎርሰው ከዱቄት ጋር ነው። ሴቶቹ «ቶሎ በልልን» ይሉታል፤ እሱም እሺ ይላል። ፀሐይዋ ጠልቃ የመጨረሻዋን ሴት ሸኝቶ ወደ ደጅ ሲወጣ አምሳለ ልጅቷን ይዛ ቆማለች። ልጅቷ እሱን ስታይ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ገባች። ነጭ ሆኖ ስታየው ፈርታ ነው ብዬ ሳቅሁ። አምሳለ አልሳቀችም። «ልጄ አባቷን የምታውቀው በእሑድ ነው» አለችኝ።

ያን ማታ ቤቴ ገብቼ አልበላሁም።

አሁን የምጠይቅህ ይህን ነው። ደንቡ በእናንተ ፋብሪካ ስምንት ሰዓት ሲሞላ ሰው ይውጣ ይላል አልኸኝ። ማሽኑስ? ሥራውን ማን ይይዘዋል? እኔ ሴቶቹን መመለስ አልፈልግም፤ ቢሻውንም እንዲህ አድርጌ ማቆየት አልፈልግም። ሁለቱ እንዴት ይታረቃሉ? ሕግ አያስገድድዎም ማለትህን ሰምቻለሁ። የምጠይቅህ ስለ ሕጉ አይደለም።

ሌላም አለ። በሶውን በኢስሃቅ መኪና ልኬልሃለሁ። ግን አንተ ከዚህ ከወጣህ ጀምሮ ምግብ ላኩልኝ ብለህ አታውቅም። መሮውም አልተመቸኝም አልህ። ዛሬ ሐሰን ደብዳቤህን ደግሞ ሲያነብልኝ እዚህ ጋ ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔም አየሁት። ምን ሆነህ ነው? አትደብቀኝ። ቢሻው እንኳ ከእኔ የደበቀውን ገልጠህ ጽፈህልኛል፤ የራስህን እንዴት ትሸሽጋለህ?

ሐሰን ሰላም ብሎሃል። ዘይነባም እንዲሁ።

ወርቅአየሁ


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 27 ቀን 1958 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ወርቅአየሁ።

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ። በሶው ደርሶኛል፤ ለጎረቤቶቼም አካፈልሁ። እንዴት እንደጠቀመኝ ከዚህ በታች ይሰሙታል።

ልክ ነዎት፤ ደብቄዎት ነበር። አስቀድመው «እየተነሣህ አትቁም» ብለውኝ ስለ ነበር ከተነሣሁ በኋላ ልነግርዎ አፈርሁ።

ነገሩ የሆነው በኅዳር መጨረሻ ነው። የገና ሥራ በዝቶ ነበር። አንድ ቀን የመውጫው ደወል ከተደወለ በኋላ ካቦው በሩን ዘግቶ ማንም አይወጣም አለ። ለትርፉ ሰዓት ስለሚከፈለው አንድ ሰው ቢጠይቀው፣ «ክፍያውን በኋላ እናያለን» ብሎ አለፈው። ከእኔ ማሽን ቀጥሎ የምትሠራ ውዴ የምትባል ሴት አለች። የሚጠባ ሕፃን አላት፤ ከጎረቤት ትታው ነው የምትመጣው። ጡቷ ሞልቶ ቀሚሷ ረጥቧል። ልሂድ ብላ ለመነችው። ቁጭ በይ አላት።

እትዬ፣ ለመቆም አስቤ አልቆምሁም። ማሽኔን አጠፋሁና «ይቺ ሴት ቀኗን ጨርሳለች፤ በሩን ክፈትላት» አልሁት። ሌሎቹም ማሽናቸውን አጠፉ። የጥሊሊው ሽማግሌ ውዱ ሄዶ በሩ ዘንድ ቆመ። ካቦው ትንሽ አየንና ከፈተ። ውዴ ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል ሮጠች።

በማግሥቱ ስመጣ ዘበኛው አንተ አትገባም አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ አልነበረኝም። ለእርስዎ ስለ ቢሻው የጻፍሁት በዚያ ጊዜ ነው። አብረውኝ የሚሠሩት በየተራ እየጋበዙኝ ነው የከረምሁት።

አቶ ገበየሁ ነገሩን አልተወውም። ፋብሪካውን ደጋግሞ አነጋገረ፤ የማኅበሩ ሰዎችም አንድ ላይ ሆነው ጸኑ። በመጨረሻ ተስማሙ። ትርፍ ሰዓት የሚሠራ ሰው ቀድሞ እንዲነገረው፣ ክፍያውም ከደመወዙ ጋር እንዲታይ፣ የሚያጠቡ ሴቶች ደግሞ ከደወል በኋላ እንዳይያዙ ሆነ። እኔም ባለፈው ሰኞ ተመለስሁ። ነገር ግን ወደ ማሽኔ አይደለም። ከጓሮ፣ ጥጥ ከመኪና የሚወርድበት ቦታ ላኩኝ። ሥራው ከባድ ነው፤ ጀርባዬ አልለመደውም። አቶ ገበየሁ ይህንንም እናነሣዋለን ብሏል። አላውቅም። ካቦው የሚያስታውሰው የቆመውን ነው ያሉኝ እውነት ነበር። ቢሆንም ውዴ በየቀኑ በሰዓቷ ስትወጣ ከጓሮ አያታለሁ፤ እሷም አሻግራ እጅ ትነሣኛለች።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። ፋብሪካው ማሽኑን አያቆምም፤ ሰው ይለውጣል። ፈረቃ ይሉታል። የጠዋቱ ሲወጣ የከሰዓቱ ይገባል። ማሽን አይደክምም፤ ሰውን ከማሽን ጋር እኩል ማሮጥ ነው ጥፋቱ። እርስዎም ወፍጮውን ሙሉ ቀን ማሠራት ይችላሉ፤ ቢሻው ሙሉ ቀን ሳይፈጭ። ለገበያ ቀን ሌላ ሰው ይፈልጉ። ቢሻው ያስተምረው። ቢሻው ከሰዓቱ በላይ እንዲቆይ ሲያስፈልግ ደግሞ አስቀድመው ይጠይቁት፤ እምቢ ማለትም የሚችል ሆኖ ይጠየቅ፤ ሲቆይ የቆየበት ይታሰብለት።

ስንት ሰዓት ይሁን የሚለውን እኔ ከዚህ ሆኜ አልቆርጥም። ከእሱ ጋር ይቀመጡና ይነጋገሩ። ጆሮውንም ሐኪም ይየው፤ ዱቄቱ እንዳይገባበት አፉንና አፍንጫውን በጨርቅ ይሸፍን። እኛ ዘንድ እንዲህ የሚያደርጉ አሉ።

እትዬ፣ የሚያስገድድዎ ሳይኖር ይህን መጠየቅዎን አቶ ገበየሁን ነገርሁት። ዓይኑን ጠረገ።

አስማረ


ዳንግላ፣ ግንቦት 20 ቀን 1958 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለአስማረ።

ጀርባህ እንዴት ሆነ? ለጋ ቅቤ እንዲያሹህ አብሬ ልኬያለሁ፤ እንዳትበላው። ያቺ ውዴ የምትባል ሴት ከነልጇ ደኅና ትሁን። ስለ እሷ ሲነበብልኝ አትቁም ብዬ የተቆጣሁህን ሁሉ ተውሁት። ቆምህ፤ ደግ አደረግህ።

ጽሕፈቱን እንዳየኸው ቢሻው ነው። ታርቀናል ማለት እንኳ አይደለም፤ ተጣልተን አናውቅምና። ግን አሁን በሌላ ዓይን ነው የምንተያይ።

ደብዳቤህ እንደ ደረሰ ቢሻውንና አምሳለን ጠርቼ አስቀመጥኋቸው። ምን ይሻልሃል አልሁት። መጀመሪያ የፈቀዱት ሁሉ ይበቃኛል አለ። እንደዚያ ከሆነ ምንም አላደርግም፣ አንተ ተናገር አልሁት። አምሳለ በክንዷ ጎሸም አደረገችው። ያን ጊዜ ተናገረ። ጠዋት እንደ ድሮው ይመጣል፤ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ይሄዳል። እሑድ ፈጽሞ አይጠራም። በገበያ ቀን ከሰዓት ሌላ ሰው ይይዛል፤ ሥራ በዝቶ እሱ እንዲቆይ ቢያስፈልግ ጠዋት ይነገረዋል፣ የቆየበትም ለብቻ ይታሰባል። ሁሉንም እሺ አልሁ።

የሚረዳው ሰው ደጉ የሚባል ነው። መጀመሪያ ዱቄቱን አሻክሮት ሴቶቹ ተቆጥተው ነበር፤ አሁን ተሻሻለ። ሁሉም ነገር ግን አልሰመረም። ከሩቅ ለመጡት ቅድሚያ እንዲሰጥ ብናደርግ የከተማው ሴቶች አኮረፉ፤ ሁለት ሦስቱ ወደ ሌላ ወፍጮ ዞረዋል። አንድ የገበያ ቀን ደጉ ታሞ ሲቀር አንዲት ሴት ከነእህሏ ተመለሰች። ስትሄድ የተናገረችኝ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ቢሻው ያን ዕለት ልቆይ ብሎኝ ነበር። ልጅቷ ታማበት ቤት እንደሚፈለግ አውቅ ስለ ነበር ሂድ አልሁት። ልክ ሠራሁ ወይ አልሠራሁም፣ አላውቅም። ሴትዮዋም ልጅ ነበራት።

ቢሻው ስምምነታችን ይጻፍ አለኝ። ይጻፍ፣ አንተው ጻፈው አልሁት። ጽፎ ሲያነብልኝ «በእትዬ በጎ ፈቃድ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አልሠራም» ይላል። አንዴ ደግመህ አንብበው አልሁት። ደገመው።

«በጎ ፈቃድ የሚለውን ሰርዝና፣ ስለሚገባኝ በል» አልሁት።

ቀና ብሎ አየኝ። «ደንቡ እኮ አይልም» አለኝ።

«ደንቡ አይልም። እኔ እላለሁ። እኔ ብሞትና ወፍጮው ለሌላ ቢተላለፍ ፈቃዴ ከእኔ ጋር ይቀበራል። የሚገባህ ግን ካንተ ጋር ይቆያል» አልሁት።

ሰረዘው። ከዚያ እንዳልሁት ጻፈና እኔ ጣቴን አተምሁበት፤ ሐሰንና ኢስሃቅ ምስክር ሆኑ።

በመጀመሪያው ቀን በዘጠኝ ሰዓት ከወፍጮ ቤት ሲወጣ ፀሐይዋ ገና ትፋጃለች። ደጁ ላይ ቆሞ ወዲያና ወዲህ አየ። ወዴት እንደሚሄድ የጠፋው ሰው ይመስል ነበር። ኋላ ምንጩ ዘንድ ወርዶ ፊቱንና ራሱን ታጥቦ፣ አምሳለ ይዛ በመጣቻት በልጅቷ ቁመት ልክ ጎንበስ ብሎ፣ እጇን ይዞ በገበያው መካከል አለፈ። ሰው ቢሻው ታመመ እንዴ እያለ ይጠይቀኝ ነበር። አልታመመም፣ ወደ ቤቱ እየሄደ ነው አልኋቸው።

ስለ አንተ ጓሮ መዋል አቶ ገበየሁ ነገሩን የት እንዳደረሰው ላክብኝ። ብዙ የምነግርህ ነበር፤ ስለ እንጅባራ ዘመዶቻችንም፣ ስለ እናትህ ቦታ ድንበርም። ግን ቢሻው ብዕሩን አንሥቶ እያየኝ ነው። ምነው ብለው ዘጠኝ ሰዓት ሆነ አለኝ። እኔ ደብዳቤ ማስጻፍም ሥራ መሆኑን አላሰብሁትም ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የጻፈልኝ ሁሉ ከወፍጮው በኋላ ነበር።

ትቆይልኛለህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ልጄ እየጠበቀችኝ ነው አለ።

ደኅና ሁን ልጄ፤ አምላክ ይጠብቅህ። ይሂድ።

ወርቅአየሁ